አክፋይ ሆኖ የመጣው ማርሚታ

ይህን የምጽፈው ነገሩ በቤተሰባችን ውስጥ እንደ ቀልድ መነገር ስለ ጀመረ ነው። «ያቺ የአባባ መኪና ስትጮህ ትዝ ይላችኋል?» ይባላል፤ ይሳቃል፤ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። እኔ ግን አምና በፋሲካ ሰሞን በአባቴ መኪና ላይ የተፈጸመውን እንደ በደል እንጂ እንደ ቀልድ ልቀበለው አልቻልሁም። በሳቅ የተሸፈነ በደል ውሎ ሲያድር የጋራ ትዝታ ይሆናል፤ የጋራ ትዝታ ከሆነ በኋላ ደግሞ ማንም አይጠየቅበትም። ስለዚህ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል አሰፍረዋለሁ።

አባቴ በጡረታ የተገለሉ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። የምንኖረው ወሰን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንቅርት ሳቢያ ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እሳቸው ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን አብሮ አልዳነም። ጢም ብሎ የሞላ የመማሪያ ክፍል ጸጥ ያሰኝ የነበረው ድምፅ፣ ወረቀት ከወረቀት ጋር ሲተሻሽ የሚሰማውን ያህል ቀጠነ። ሐኪሙ ነርቩ መጎዳቱንና ከጊዜ ወደ ጊዜ ሊብስ እንደሚችል አልሸሸገንም። ቤታችን ደግሞ ዝምታ የማያውቅ ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ከማለዳ እስከ ምሽት ይናገራል፤ እንግዳ አይጠፋም፤ ከአጥራችን ወዲያ የብረት በርና መስኮት የሚበይዱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣሉ። አባቴ ያሉት ሳይሰማ ሲቀር አይደግሙትም። አንድን ነገር ደጋግሞ መናገር ከልመና የሚቆጠር ይመስላቸዋል።

ድምፃቸው የሚሰማበት አንድ ስፍራ ነበር፤ መኪናቸው። ጃፓን ሠራሽ፣ ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ ረዘም ጀርባዋ አጠር ያለ፣ ቀለሟ ከወይን ጠጅነት ወደ ሸክላነት የደበዘዘ የስፖርት መኪና ናት። በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። አባቴ የገዟት ከሀገር ይወጣ ከነበረ አንድ የውጭ መሐንዲስ ሲሆን፣ እንዲህ ያለች መኪና መምህር እጅ መግባቷ በጊዜው ብዙ ሰው ያስቀና እንደ ነበር እናቴ ይናገራሉ። አባቴ ግን እንደ ስፖርት መኪና ነድተዋት አያውቁም። እንደ ቤተ ሙከራ ነበር የያዟት፤ ንጹሕ፣ ሥርዓት ያላት፣ ጸጥ ያለች። ከሥሯ የተዘረጋው የጭስ መውጫ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ራሱ ነበር። ጋራዦች ማርሚታ የሚሉት፣ የሞተሩን ጩኸት በሆዱ አስቀርቶ ጭሱን ብቻ የሚለቀው ሞላላ ብረት፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አንዴም አልተበሳም። አባቴ ክረምት በወጣ ቁጥር ከሥሯ ገብተው የተጋገረበትን ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ያነሡለት ነበርና።

ቅዳሜ ጠዋት እሳቸውና እኔ ከወሰን ተነሥተን፣ በመገናኛ አድርገን፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንወጣ ነበር። ደጇን ተሳልመን፣ ባሕር ዛፉ ሥር ጥቂት ቆመን እንመለሳለን። ከመገናኛ ግርግር ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር አባቴ መስኮታቸውን ይዘጋሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«የት ነበርን?» ይላሉ።

ከዚያም የሕይወታቸውን ታሪክ ባለፈው ቅዳሜ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አባቴ ሰው ፊት ለፊት እያዩ ስለ ራሳቸው መናገር አይሆንላቸውም። እጃቸው መሪ፣ ዓይናቸው መንገድ ሲይዝ ግን ይሆንላቸዋል። የእኔንና የእኅቴን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን «ምን ይሠራላችኋል» እያሉ ሲያልፉ የኖሩ ሰው፣ ድምፃቸው ከተጎዳ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ጀመሩት። ለምን እንደ ጀመሩት አልጠየቅኋቸውም፤ ግልጽ ነበር። ከየካ ተራራ ጀርባ የነበረውን፣ ዛሬ ፎቅ የበቀለበትን የቤተሰባቸውን እርሻ ነገሩኝ። በኦሮምኛ አፍ ፈትተው የአማርኛ ፊደል ሲቆጥሩ የመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ይመስሉ እንደ ነበር፤ አባታቸው ሥራ ፈት ባሉ ቁጥር የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፈው ልጃቸው ሲያነብ ይሰሙ እንደ ነበር፤ የሚያነበው ምን እንደ ሆነ ባይገባቸውም ከጎረቤት ልጅ ድምፅ የእሱን ለይተው ያውቁ እንደ ነበር። ይህን ሁሉ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። እናቴ እንኳ አያውቁትም።

ከሰሙነ ሕማማት በፊት በነበረው ቅዳሜ ታሪኩ ሃያ ዓመታቸው ላይ ደርሶ ነበር። መምህር ሆነው ወደ መጀመሪያ ምድባቸው፣ ወደ ሩቅ አገር ተጉዘዋል። ከአውቶቡስ ወርደው የእንጨት ሣጥናቸውን መሬት ላይ አስቀምጠዋል።

«ሰዉን አላውቅ፣ አገሩን አላውቅ» አሉ። «ወዴት እንደምሄድ ሳስብ፣ አንድ ሰው ከኋላዬ በኦሮምኛ ጠራኝ። በስሜ።»

በራችን ላይ ደርሰን ነበር። «በሚቀጥለው» ብለው ሞተሩን አጠፉ።

በዚያ ዓመት እኅቴ አግብታለች። ባሏ በአንድ አስመጪ ዘንድ የሚሠራ፣ ሳቂታ፣ እጁ የተፈታ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ይህንን መጻፍ ግዴታዬ ነው። እሑድ እሑድ መኪናቸውን አስውበውና አስጩኸው ከሚሰበሰቡ ጓደኞቹ ጋር ይውላል። የአባቴን መኪና ባየ ቁጥር እንደ ታመመ ዘመድ ያዝንላት ነበር።

«አባባ፣ ስፖርት መኪና እኮ ናት! ስትመጣ ማንም አይሰማትም።»

«ጥሩ አይደለም?» አሉ አባቴ።

የሰማቸው አይመስለኝም። ወደ እኔ ዞረ። «ዝም የምትል ስፖርት መኪና ማለት የማያገሳ አንበሳ ማለት ናት። ተሳሳትሁ ፕሮፌሰር?» መጽሐፍ ከእጄ ስለማይለይ ያወጣልኝ ስም ነው።

«አንበሳ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ነው የሚውለው» አልሁት።

«በቃ! ይኼ ልጅ አንበሳንም አንብቦ ጨርሶታል!» አለ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

በእኛ ወግ ያገቡ ልጆችና አማቾች ለፋሲካ አክፋይ ይዘው ወደ ወላጅ ቤት ይመጣሉ፤ ሙክት፣ ድፎ ዳቦ፣ መጠጥ። የመጀመሪያው ፋሲካ አክፋይ ደግሞ የአዲስ አማች መታያው ነው። ያመጣው ይመረቃል፣ የተቀበለው ያመሰግናል። የመጣን አክፋይ መመለስ አማቹን ራሱን ከደጅ መመለስ ነው።

በሰሙነ ሕማማት እኩሌታ የእኅቴ ባል መጣና «ለበዓሉ ዘይት ላስቀይርልዎ፤ ላሳጥባትም» ብሎ ቁልፉን ጠየቀ። አባቴ ሰጡት። ማንም አልጠረጠረም። እንግዲህ ሰው ከሰው ጋር እንኳ ተሳስሞ ሰላምታ በማይለዋወጥበት ሳምንት፣ አባቴ በቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ በዋሉበት ስቅለት፣ መኪናቸው እዚሁ ወሰን አንድ ጋራዥ ውስጥ በክሪክ ተነሥታ ሆዷ በግራይንደር ይቆረጥ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ መኪናዋን ከማየታችን በፊት ሰማናት። መጀመሪያ ከባድ የጭነት መኪና መንደሩን የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። በሩ ሲከፈት የአባቴ መኪና ገባች፤ ከኋላዋ አፉ የጣሳ ያህል የሰፋ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ቧንቧ ተቀጥሎባታል፤ ቧንቧው ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል።

«የፋሲካ አክፋይ!» አለ የእኅቴ ባል ከመስኮቱ ራሱን አውጥቶ። «ሙክት የአንድ ቀን ነው አባባ፤ ይኼ የዕድሜ ልክ ነው! ከሞተሩ ጀምሮ እስከ ጫፍ አፕግሬድ አድርገናታል። ዕቃው ከዱባይ ነው። ሳውንዷን ስሙልኝማ!» ቤንዚኑን ረገጠው። የመስኮታችን መስተዋት ነዘረ፤ የጎረቤት ሕፃን አለቀሰ፤ አጥሩ ሥር የታሰረው ሙክት (እሱንም አምጥቶ ነበር) ገመዱን እስኪበጥስ ተወራጨ። ጎረቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። «እሰይ! ጋሼ ጎረምሳ ሆኑ!» አለ አንዱ፤ ተጨበጨበ።

አባቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉ። «ዕድሜ ይስጥህ» ያሉ ይመስለኛል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልሰማኋቸውም።

ወደ እኅቴ ባል ቀረብሁ። «የነበረው ማርሚታ የት አለ?»

«የቱ? ያ ዝገት? ጣሉት ብያቸዋለሁ።»

«በማን ፈቃድ?»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጡኝ። «በበዓል ቀን! አማች ነው፤ አፍህን ያዝ።»

አፌን ያዝሁ፤ ኅሊናዬን ግን አልያዝሁም። ይህ «ማሻሻል» የሚሉት ነገር ምን አሻሻለ? መኪናዋ አልፈጠነችም። ብትፈጥንስ ከወሰን መገናኛ ባለው መንገድ፣ ሚኒባስ ከሚኒባስ ተጣብቆ በሚድህበት፣ ፍጥነት ለማን ይጠቅማል? የተጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያይ ማስገደድ። አባቴ ደግሞ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ «እዩኝ» ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ መንፈስ ሲሰለጥን አያለሁ። ጸጥ ያለው እንደ ሞተ፣ የቆየው እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ይቆረጣል፣ በምትኩ የሚያበራ ይቀጠልበታል፣ ከዚያም ባለቤቱ እንዲያጨበጭብ ይጠበቃል።

ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ወጣን። ዳገቱ ሲጀምር አባቴ መስኮታቸውን ዘጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «የት ነበርን?» እንዳሉ ከከንፈራቸው አነበብሁ።

«አውቶቡሱ ጋ! ሰውየው ሲጠራዎት!» ብዬ ጮህሁ።

መናገር ጀመሩ። ጆሮዬን ወደ ትከሻቸው አስጠጋሁ። ከሥራችን የሚወጣው ጩኸት ወለሉን አልፎ ጥርሴን ያንቀጠቅጥ ነበር። አንድም ቃል አልያዝሁም። አባቴ ጮክ ለማለት ሲሞክሩ ሳል ያዛቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ መኪናዋም ወደ መንገዱ ጠርዝ አዘነበለች። የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

«አባት፣ ውድድር ላይ ነዎት እንዴ?»

አባቴ መለሱለት።

«ምን አሉ? አይሰማም፤ እስቲ ሞተሩን ያጥፉት።»

አጠፉት። «የአማቼ ስጦታ ነው» አሉ በዚያች ቀጭን ድምፃቸው።

ፖሊሱ ቧንቧውን ዞሮ አየው፤ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «አማችዎ በጣም ነው የሚወድዎት። ሂዱ፤ ግን ቀስ ብለው ይንዷት፤ ሰፈሩ ገና አልተነሣም።»

አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ እጅግ ርቀው መኪናዋን አቆሙ፤ በጸሎት ላይ ያሉ ሰዎችን ላለመረበሽ ነው። የቀረውን ዳገት በእግራቸው ወጡት። ሲደርሱ ለመናገር ቀርቶ ለመተንፈስም አልቻሉም።

ሰኞ ወደ ጋራዡ ሄድሁ። የጋራዡ ባለቤት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበለኝ። የድሮውን ማርሚታ እንደምፈልግ ስነግረው መላልሶ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ድምፅ ሊያስጨምር ነው። ሊያስቀንስ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«ዕቃው የት ነው?»

«ደንቡ ባለቤቱ አሮጌ ዕቃውን ይዞ መሄድ ነው፤ ተቀይሯል ለማለት እንኳ ማስረጃው እሱ ነው። አማችህ ጣሉት አለ፤ እኛም ለቆራሌው ሰጠነው።»

«ሙሉውን?»

«እንዴት ሙሉውን? ተቆራርጦ ነው እንጂ። ጆንያ ውስጥ አይገባለትም።» ትንሽ አሰበና ሊያጽናናኝ ፈለገ መሰል «ብረቱ ግን ጥሩ ነበር፤ ግራይንደሩን አስቸግሮታል» አለኝ።

ማታ አባቴን በረንዳ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸውና ሌላ እንድናስገጥም ለመንኋቸው። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ተናገሩ።

«በዓሉ በወጣ በሳምንቱ? ምን ይለናል? እኅትህ ትዳሯን ገና መያዟ ነው። ዓመቱ ይዙር።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ።»

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ይሉኝታን የጨዋነት ምሰሶ አድርገው የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። እኔ ያየሁት ይሉኝታ ግን ሕመምተኛ ሽማግሌን በገዛ መኪናቸው ውስጥ አፋቸውን የሚዘጋ ነው። አባቴ የአማቻቸውን ፊት ላለማጥቆር፣ የቀረቻቸውን ጥቂት ድምፅ ከፈሉ።

ሌላ መላ ሁሉ ሞከርሁ። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ እናቴ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» እያሉ መጡ፤ አባቴ ዝም አሉ። ታክሲ ኮንትራት ይዤ ወሰድኋቸው፤ በማያውቁት ሾፌር ፊት ስለ አየር ጠባይ እንኳ አልተናገሩም። የራሳቸውን መኪና መንገድ ዳር አቁመን ሞተሩን አጥፍተን ተቀመጥን። «የቆመ መኪና ውስጥ ምን ይወራል?» አሉኝና ቁልፉን መልሰው አዞሩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበቴን ያመኛል ብለው ቅዳሜን ተዉት። መኪናዋ ሸራ ለበሰች። እኅቴና ባሏ በመጡ ቁጥር ግን ሸራው ይገፈፋል፤ አባቴ ሞተሩን አስነሥተው ለአማቻቸው ያሰሙታል፤ እሱም አውራ ጣቱን ያነሣል።

ክረምቱ ሲበረታ ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ። ከፍልሰታ በኋላ በአንዱ ማለዳ እናቴን ለመጥራት አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሐኪሙ የፈራው መድረሱን ነገረን።

በእንቁጣጣሽ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። የእኅቴ ባል ሸራ የለበሰችውን መኪና በመስኮት አየና «ምነው አትነዱዋትም?» አለ። እናቴ ሊቆነጥጡኝ እጃቸውን ሲሰዱ ተነሥቼ ከአጠገባቸው ራቅሁ።

«ስለምትጮህ ነው። አባባ ስትጮህ መናገር አልቻሉም። ከፋሲካ ጀምሮ አልቻሉም።»

የእኅቴ ባል በቅንነት ግራ ተጋባ፤ ፊቱ ላይ ቅያሜ ፈለግሁ፣ አጣሁበት።

«እንዴ! ታዲያ አታስቀይሩትም ነበር? ማን ከለከላችሁ? አንድ ቀን ብትነግሩኝ እኔው ወስጄ አስቀይረው አልነበር?» አባቴን አያቸው። «አባባ፣ በእኔ ሞት፣ ለዚህ ነው ዝም ያሉት?»

አባቴ መሬት መሬት አዩ።

ሊቆጣ ነው ተብሎ ለአምስት ወር የተፈራው ሰው ይህ ነበር። እሱ ሳይጠይቅ ቆረጠ፤ እኛ ሳንጠይቀው ፈራነው፤ በመካከል የጠፋው የሁለታችንም አልነበረም። በሳምንቱ መኪናዋን ራሱ ነድቶ ወሰዳት። የፋብሪካውን ዓይነት በከተማው ያሉ የአሮጌ ዕቃ መደብሮች ሁሉ ዞሮ አጣው፤ በመጨረሻ በያጅ ዘንድ በልክ አሠርቶ አስገጠመ። የሚያበራውን ቧንቧ ለጓደኛው ሰጠው።

አባቴን እንዲጽፉልኝ ለመንኋቸው። ተቀመጡ፤ በዚያ ቀጥ ባለ የመምህር እጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሞሉ፤ የትውልድ ቦታ፣ የተማሩበት፣ የተመደቡበት፣ ያገለገሉበት ዘመን። ለጡረታ የሚቀርብ ማመልከቻ ይመስል ነበር። «አውቶቡስ መውረጃው ላይ የጠራዎት ማን ነበር?» አልኋቸው። ከገጹ ግርጌ «ረጅም ነው» ብለው ጻፉና ብዕሩን ከደኑት።

ባለፈው የጥቅምት ቅዳሜ እንደ ገና ወደ እንጦጦ ወጣን። መኪናዋ ከሞላ ጎደል እንደ ጥንቱ ጸጥ ብላለች፤ ጎማው አስፋልቱን ሲልስ ይሰማል። ዳገቱ ሲጀምር አባቴ መስኮታቸውን ዘጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እስከ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ድረስ ሳያቋርጥ ተንቀሳቀሰ። እኔም እንደሚሰማ ሰው ራሴን እየነቀነቅሁ ወጣሁ።

የጠፋው ይህ ነው።

ማርሚታ፣ አንድ።
አብሮት የተቆረጠ ቧንቧ፣ ሁለት።
ቅዳሜ፣ አሥራ ሰባት።
ከአባቴ ዕድሜ፣ ከሃያኛው እስከ እኔ ልደት፣ ሃያ አምስት ዓመት።